ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ኑዛዜ

ጠበቃውን የከተማው ሰው የሚያውቃቸው «ቀስ በሉ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም እንጂ ያወጣውስ ሰው አልተሳሳተም። ሻጭና ገዢ ተጣድፈው ቢሯቸው ሲገቡ «ቀስ በሉ» ይላሉ። ባልና ሚስት ዛሬውኑ ካልተፋታን ሞተን እንገኛለን ብለው ሲመጡ «ቀስ በሉ» ይላሉ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠራርገው፣ መልሰው እስኪያደርጉት ድረስ የመጣው ሰው ንዴት ይበርዳል። ስንት ትዳርና ስንት ሽርክና በዚህ መነጽር ጠረጋ ተርፏል ይባላል። በዚህ የተነሳ ሰዉ ዝግታቸውን ጥንቃቄ ነው ብሎ አመነ፤ ይባስ ብሎ እሳቸውም አመኑ። ሁለቱ ለየቅል መሆናቸው የታወቀው በልብስ ሰፊዋ ኪሳራ ነው።

ልብስ ሰፊዋ የሬዲዮ ጠጋኙ የእንጀራ ልጅ ናት። እናቷ ሽማግሌውን ያገባችው እሷን ይዛ ነው፤ ያኔ የወተት ጥርሷ እንኳ አልወለቀም ነበር። እናትየዋ ስትሞት ዘመድ አዝማዱ ጥግ ጥጉን ይዞ «እንግዲህ ይቺ ልጅ የት ልትሄድ ነው?» እያለ ሲንሾካሾክ ሽማግሌው ሰሙ። «የት ልትሄድ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ቤቷ ናት እኮ!» ብለው ሁሉንም አፍ አስያዙ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አልተነሳም። እሷም የስፌት መኪናዋን በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል፣ ከሬዲዮኖቹ ጎን አስቀመጠች። የክፍሉ ግማሽ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ግማሹ ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ ሆነ። በኋላ የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረና ሽቦ ማያያዝ ሲያቅታቸው ዩኒፎርሙ ሬዲዮኖቹን እየገፋ እየገፋ ክፍሉን ጠቀለለው። ቤቱም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በመርፌ የሚተዳደር ቤት ሆነ።

ሳንባቸው ሲታመም ደግሞ ያገላበጠቻቸው እሷ ናት። ሐኪም ቤት ይዛቸው ስትሄድ «ልጃቸው ነሽ?» ይሏታል። «አዎ» ትላለች። ዋሸች እንዳትሉኝ።

የአብራካቸው ክፋይ ሌላ ነው። ከፊተኛዋ ሚስታቸው የወለዱት ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሩቅ ከተማ መድኃኒት ያከፋፍላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ታሪኩ ይቀለን ነበር። ትዝ ሲለው ይደውላል፤ «ጤናዎት እንዴት ነው?» ይልና መልሱን በቅጡ ሳይሰማ «አይዞዎት» ብሎ ይዘጋል። ሽማግሌው ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እጃቸውን ከላዩ ላይ አያነሱም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥፍራቸውን እየቆረጠችላቸው ሳለ፣ ስለ አየሩ የሚያወሩ ያህል፣ «ይሄ ቤት ላንቺ እንዲሆን ለቀስ በሉ ነግሬዋለሁ። ወረቀቱን እያዘጋጀ ነው» አሏት።

«ምን አስቸኮለዎት፣ ጋሼ? ገና ብዙ ይኖራሉ» አለች።

ምን ትበል ሌላ? እንዲህ ሲባል የሚባለው ይኸው ነው። በኋላ ግን ይህቺ ቃሏ ስንት ቀን አንገበገበቻት! «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፣ ቶሎ ይፈርሙልኝ» ያላለችበትን አፏን ረገመችው።

በሕጉ መሠረት ኑዛዜ ኑዛዜ የሚሆነው ተናዛዡ በምስክሮች ፊት ሲፈርም ነው። ጠበቃው ረቂቁን አዘጋጁ፤ ቤቱን፣ ግቢውን፣ የልብስ ሰፊዋንም ስም ሳይሳሳቱ ጻፉ፤ ቦርሳቸው ውስጥም ከተቱት። እሳቸውና ሬዲዮ ጠጋኙ የልጅነት ባልንጀሮች ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማ ይጫወታሉ። እናም ቅዳሜ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ። ምስክር ከጎረቤት መጥራት ብቻ ነበር የቀረው። ጓደኛቸውን ትራስ ተደግፈው አገኟቸው፤ ዳማው ተዘረጋ፤ ተጫወቱ፤ ተሳሳቁ፤ ጠበቃው ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። ሽማግሌው ሻል ሲላቸው ተሽሏቸዋልና፣ ሲብስባቸውም ብሶባቸዋልና፣ ኑዛዜው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ለሰላምታ እንኳ ሳይወጣ ይመለሳል።

ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ገብቷት ነበር፣ ወይም የገባት መስሏት ነበር። ይሉኝታ ነው አለች። ለታመመ ሰው «ና ፈርም» ማለት «ቀንህ ደርሷል» ማለት መስሏቸው ነው አለች። ምክንያቱም ይኸው ይሉኝታ እሷንም አንቆ ይዟታል። ሻይ ይዛ ስትገባ ቦርሳውን ወንበሩ እግር ሥር ታየዋለች። አፏ ድረስ ይመጣና ትውጠዋለች። ይባስ ብላ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ሲጀምሩ ወደ መኪናዋ ትሮጥና የምትሰፋው ባይኖር እንኳ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ታንጫጫዋለች። ስለ ቤቱ ጆሮዋን ቀስራ ታዳምጣለች እንዳይሏት ነው።

ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ይህን ሁሉ ታውቃለችና ቆሽቷ አረረ።

«አንቺ፣ አፍሽን ማን ሰፋብሽ? ያስፈርሟቸው በያቸው እንጂ!»

«እንዴት ብዬ? ‘ሳይሞቱ ቶሎ ይበሉ’ ልበል?»

«በሆድሽ እያልሽው አይደል?»

«በሆዴ ሌላ ነው። በአፌስ ሞቼ ነው የምገኘው።»

ሽማግሌው አንድ ረቡዕ ጠዋት ሞቱ። ውሃ አምጪልኝ ብለዋት፣ ብርጭቆውን ይዛ ስትመለስ ትንፋሻቸው አልነበረም። ጠበቃው ሲሰሙ እየሮጡ መጡ፤ በዕድሜዋ ሲሮጡ ያየቻቸው ያኔ ብቻ ነው። አለቀሱ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ ይህን አልነፍጋቸውም። ቦርሳቸውም አብሯቸው ነበር።

ከቀብር በኋላ መድኃኒት አከፋፋዩ እንደ ወጉ ከንፈሩን መጠጠ፣ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ለፋሽ፣ እህቴ፤ እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ» አላት። ቀጥሎም በዚያው ለስላሳ ድምፅ ቤቱን ሊሸጠው መሆኑን ነገራት። «አትቸኩይ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቆይ። የሬዲዮኖቹን ዕቃ ከፈለግሽ ውሰጂው።» ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። ያልተፈረመ ኑዛዜ ካልተጻፈ አይሻልም፤ የእንጀራ ልጅም ያለ ኑዛዜ አትወርስም።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠበቃው ቢሮ ሄደች። መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

«ሳይፈረም ቀረ እኮ፣ ልጄ።»

«እንዴት ቀረ?»

«ቀረ።»

«ቦርሳዎት ውስጥ አልነበረም? በየሳምንቱ እግርዎ ሥር አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ።»

«እና እኔ ምን ልሁን?»

ጠበቃው መነጽራቸውን ወደ መስኮቱ አቅንተው አዩት። «ልጄ፣ በሕግ ካየነው ደንበኛዬ እሱ ነው። ሥራ ያዘዘኝ እሱ፣ የምጠየቀውም ለእሱ። አንቺን በሕግ አላውቅሽም።»

«አያውቁኝም? ሻዩን ማን ነበር የሚያቀርብልዎት?»

«ሻይ ስታቀርቢልኝማ አውቅሻለሁ። በሕግ ነው ያልኩሽ።»

«የሚጠየቁላቸው ሰውዬ ደግሞ ሞተዋል።»

«ነፍሱን ይማረው።»

«እንግዲህ የሚጠይቅዎት የለማ።»

መነጽራቸውን እንደገና መጥረግ ጀመሩ። መነጽሩ ግን ጠርቶ ነበር።

ወሩ አለቀ። የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭና ፀጉር ሠሪዋ ጓሮ ካለች ጠባብ ክፍል አስገባችው። ዩኒፎርሞቹን የምትዘረጋበት ቦታ ስላልነበረ አልጋዋ ላይ ትቆርጣለች፤ ማታ ደግሞ ብጥስጣሹን አራግፋ ትተኛበታለች። ደንበኞቿ አድራሻዋ ጠፋባቸው፤ ያልጠፋባቸውም በሰው ፀጉር ላይ እየተረማመዱ መግባት ሰለቻቸው። ከቤቱ ጋር ሥራዋም ሄደ ማለት ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ናት ጠበቃውን ክሰሺው ብላ የጎተጎተቻት። ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። አንዱ ጠበቃ ሥራ የለመደው በቀስ በሉ እጅ ነው፤ ሁለተኛው ሚስቱን የዳሩለት እሳቸው ናቸው፤ ሦስተኛው «እኛ እኛን ከከሰስን ከተማው ምን ይለናል?» ብሎ በር ድረስ በክብር ሸኛቸው። በመጨረሻ ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ፣ ደረጃው ከሚንቀጠቀጥ ፎቅ ላይ፣ የማንም ውለታ የሌለባት አንዲት ሴት ጠበቃ አገኙ። ጉንፋን ይዟት እየተናፈጠች አዳመጠቻቸው።

«ረቂቁ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?» አለች።

«የእኔ።»

«በእሳቸው እጅ?»

«በእሳቸው።»

«በቃ። ስምሽን በእጁ የጻፈ ሰው አላውቃትም ማለት አይችልም። ወረቀቱ ሳይፈረም ቢቀር የሚጎዳው ማን እንደሆነ በዓለም ላይ ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሟቹማ ምን ይጎዳሉ? የተጎዳሽው አንቺ ነሽ። በሙያው ሊጠነቀቅልሽ ይገባ ነበር፤ አልተጠነቀቀም።»

«ቤቱን ያስመልሱልኛል?»

«ቤቱ ሄዷል። ግምቱን ግን ከሰውዬው ኪስ እናወጣዋለን።»

ችሎቱ ተጀመረ። ጠበቃው ራሳቸው ጠበቃ ቀጥረው ነበር፤ ጮማ የመሰለ ድምፅ ያለው ሰውዬ። ሰውዬው መጀመሪያ ያነሳው «ደንበኛችን አይደለችም» የሚለውን ነው። ዳኛው አልተቀበሉትም። የኑዛዜን ሥራ የተቀበለ ባለሙያ በኑዛዜው ለምትጠቀመዋም ኃላፊነት አለበት ብለው በሩን ዘጉት። ፀጉር ሠሪዋ ልብስ ሰፊዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። የልብስ ሰፊዋም ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅቤ ጠጣ።

ያኔ ጉዱ ፈላ። ባለ ጮማ ድምፁ ሰውዬ ቀስ በሉን ወደ ምስክር መቆሚያው ጠራና «ኑዛዜውን ከቦርሳዎ ያላወጡት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ቀስ በሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ ራሱ ‘ተወው፣ ላስብበት’ ስላለኝ ነው። ‘ልጅቷ ደግ ናት፤ ቢሆንም የሰው ልጅ ናት፤ የወለድኩት እያለ እንዴት ይሆናል?’ አለኝ።»

ከዚህ ወዲያ ቀስ በሉን አንቱ እያልኩ መቀጠል አልችልም፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። እውነት ይሁን ውሸት፣ ይህን ቃል እሷ ፊት፣ ለኪሱ ሲል ነው ያወጣው። እሱ ልበለው።

ልብስ ሰፊዋ የተቀመጠችበት አግዳሚ ከሥሯ የተነሳ መሰላት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተወሰደባት ቤት ነበር፤ ቤት ደግሞ ምንም ቢሆን ግድግዳ ነው። አሁን ግን እናቷ የሞተች ቀን «ቤቷ ናት እኮ!» ያሉት ሰውዬ ከመቃብር ተነስተው «የሰው ልጅ ናት» አሉ። ሐኪም ቤት «ልጃቸው ነሽ?» ስትባል «አዎ» ያለችበት ሁሉ ድንገት አሳፈራት። ሳንባቸው ሲያስጨንቃቸው ደረታቸውን የደገፈችበትን እጇን አየችው። የማን እጅ ነበር? የሠራተኛ?

ጠበቃዋ ጉንፋኗን ረስታ ብድግ አለች።

«መቼ ነው እንዲህ ያሉዎት?»

«አንድ ቅዳሜ።»

«የትኛው?»

«አላስታውስም።»

«ደንበኛዎ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ የት መዘገቡት?»

«የወዳጅ ጨዋታ አይመዘገብም።»

«ያኔ ደንበኛዎ ነበሩ ወይስ ወዳጅዎ?»

ቀስ በሉ መነጽሩን አወለቀ። የችሎቱ ሰው ተያየ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ምስክር መቆሚያው ላይ ቆመች፤ ባለ ጮማ ድምፁ ሰውዬ ጠየቃት። ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ ቤት ውስጥ ነበረች ወይ? ነበረች። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ አይደለም ወይ? ስስ ነው። ታዲያ ምን ሲባባሉ ሰማች?

«ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገሩም» ብትል ማን ይከለክላት ነበር? ፀጉር ሠሪዋ ከኋላ ሆና ዓይኗን አፍጥጣ ስትማጠናት ታያለች። አንድ ቃል ነው። እሱ በአንድ ቃል የወሰደባትን በአንድ ቃል መመለስ ነው።

«አልሰማሁም። መኪናዬን እያሽከረከርኩ ነበር» አለች።

«ሁልጊዜ?»

«ሲያወሩ ሁልጊዜ። የምሰማ እንዳይመስላቸው።»

ሰውዬው ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛው ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩዋት።

ፍርዱ በተሰጠ ቀን ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ዘግታ መጣች። ዳኛው አነበቡ። ተከሳሹ የሙያ ጥንቃቄ አጓድሏል፤ ሟቹ ሐሳባቸውን ቀይረዋል የተባለው አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ የቤቱን ግምት ለከሳሿ ይክፈል። ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዋን አንቃ ሳመቻት። ጠበቃዋ በደስታ አነጠሰች።

ልብስ ሰፊዋ ጠበቃዋን እጇን ያዘቻት። «‘አልተረጋገጠም’ ማለት ውሸት ነው ማለት ነው?»

«አይ፤ አልተረጋገጠም ማለት ነው።»

«እንግዲያው እውነትም ሊሆን ይችላል?»

«ይችል ይሆናል፤ ለፍርዱ ምን ለውጥ አለው? አሸንፈሻል እኮ!»

ማሸነፏን ሰማች። እግሯ ግን ወደ ውጭ ወሰዳት። ቀስ በሉ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ግርጌ ብቻውን ቆሞ ታክሲ ይጠብቃል። ኮቱ ሰፍቶታል፤ በእነዚህ ወራት ከሰውነት ወጥቷል። ስታየው አንጀቷን ሊበላት ነበር፤ በስንት መከራ መለሰችው። ወርዳ ፊቱ ቆመች።

«አሁን ዳኛ የለም፣ ጠበቃም የለም» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጋሼ እውነት እንደዚያ ብለዋል?»

ቀስ በሉ ዓይኑን አሸሸ።

«ይንገሩኝና ገንዘቡን እተውልዎታለሁ። እምልልዎታለሁ። ‘ብሏል’ ካሉኝ ቁርጤን አውቄ እሄዳለሁ። ‘አላለም’ ካሉኝም ለማንም አልናገርም፤ ለራሴ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ታክሲው መጥቶ ቆመ። ቀስ በሉ በሩን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«መጀመሪያ ለጠበቃዬ የነገርኩት ‘እንደዚያ ነገር ብሎኝ ሊሆን ይችላል’ ብዬ ነው» አለ። «እሱ ደግሞ ‘ሊሆን ይችላል ችሎት ላይ አያዋጣም፤ ብሎዎታል ወይስ አላለዎትም?’ አለኝ። ‘ብሎኛል’ አልኩት። ከዚያ አስጠናኝ። ቤቴም ሆኜ ደጋገምኩት። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ድምፁ ይሰማኛል፤ ትራሱን ተደግፎ ሲለኝ ይታየኛል። ከዚያ በፊት የነበረው ነው የጠፋብኝ። ስንት ቀን ፈለግሁት። የለም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም ማለት ነው፣ ልጄ። እኔም አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቱን መረመረችው። እያታለላት አልነበረም፤ ምነው ባታለላት! «አላለም፤ ልጄ ናት ነው ያለኝ» ብሎ ቢዋሽላት እንኳ ተቀብላው፣ ገንዘቡን ትታለት፣ ወደ ጠባቧ ክፍሏ ቀና ብላ ትሄድ ነበር። ለራሱ ሲሆን ቃል በቃል የሚያስታውስ ሰውዬ ለሷ ሲሆን ሐቀኛ ሆኖ «አላውቅም» አላት። ሬዲዮ ጠጋኙ ሞተዋል፤ ግድግዳው ተሸጧል፤ ሌላ የሚጠየቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

«እንግዲያው ገንዘቡን አልተውልዎትም» አለችው።

ያላት ገንዘቡ ብቻ ነበር።